ጠርገው የጣሉት ሦስት ቅርንጫፍ

እኔ በቶሎ የምቆጣ ሰው አይደለሁም። ልጆቼን መትቼ አላውቅም። ጎረቤት አጥሩን ወደኔ ገፍቶ አንድ ክንድ መሬት ሲወስድብኝ እንኳ «ይሁን፣ መሬቱ የጌታ ነው» ብዬ ያለፍኩ ነኝ። የልጅ ልጄ «እቴቴን ለማስቆጣትማ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል» እያለች ትቀልድብኛለች። ባለፈው ክረምት ግን ተቆጣሁ። በማግስቱ ይለቀኛል ስል ሰነበተብኝ። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ እስክሪብቶውን በጣም ከመጫኔ የተነሳ ጽሑፌ በወረቀቱ ጀርባ ይዳሰሳል።

ቤታችን ጉለሌ ነው። አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ፣ ኮብልስቶኑ አልቆ ጭቃው የሚጀምርበት ላይ። ከኛ በላይ ጫካው ነው፣ ጫካው ውስጥ ደግሞ ፏፏቴ አለ። በበጋ ብታዩት እቃ የታጠበበት ውሃ አለት ላይ የተደፋ ይመስላል። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ይወፍራል፣ ይደፈርሳል፣ ዝናቡ ጋብ ባለ ጠዋት ድምፁ እኔ ደጃፍ ድረስ ይሰማል። የከተማው ሰው ፏፏቴውን ያወቀው ትናንት ነው። እኔ ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ እንጨት ተሸካሚ ነበርኩና። አባቴ ሸማኔ ነበር። ወንዶቹ ልጆች ከሱ ጋር ጉድጓዱ ውስጥ እግራቸውን ከተው ሲሸምኑ እኛ ሴቶቹ ገመዳችንን ይዘን ወደ ላይ ነበር የምንወጣው። ባሕር ዛፉን ለቅመን፣ አስረን፣ አዝለን እንወርዳለን። ስንቱን ዓመት በዚህ እንደኖርኩ ጀርባዬ ያውቀዋል።

ሸክሙን ከተውኩት ቆየሁ፤ እግሬ ግን አልተወኝም። ዛሬ እንጦጦ ማርያም በር ድረስ ወጥቼ እመለሳለሁ፣ ነገ ጳውሎስ ሆስፒታል ወርጄ የታመመ ሳይኖረኝ በሽተኛ ሰላም ስል እውላለሁ፣ ከነገ ወዲያ ሸጎሌ ነኝ። ቤተሰቡ «ዙረት» ይለዋል። ይበሉት።

የልጅ ልጄን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት የሚባል ደጅ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። አንደኛ ክፍል ሳለች የቤት ሥራዋን ስትሠራ «እቴቴ፣ አንቺም በይ» እያለች፣ ስሳሳት በእርሳሷ ጣቴን ጠቅ እያደረገች። አሁን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ሰዎችን እየሰበሰበች በጫካው ውስጥ በእግር ትወስዳለች። ሃይኪንግ ይሉታል። እኛ ስንሄደው ስሙ ድህነት ነበር።

እስካለፈው ክረምት ድረስ ከኋላ ሆና ደካማውን የምትጠብቀው እሷ ነበረች። ፊት የሚመራው ሌላ ሰው ነው፤ በሥራ ቀን ባንክ የሚሠራ፣ ጺሙን ያሳመረ ጎልማሳ። በዚያ ነሐሴ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ መሪነቱ ለሷ ተሰጣት። «የክረምት ጉዞ ወደ ፏፏቴው» ብላ ጠራች፣ ሰላሳ ሰው ተመዘገበ። ደስታዋን ብታዩ! በቤት ውስጥ በዚያ ትልቅ ቡት ጫማ እየተራመደች ታለማምደው ነበር።

ጉዞው እሁድ ሊሆን፣ ሐሙስ ከሰዓት ሰማዩ ተቀደደ። እንዲያ ያለ ጎርፍ ብዙ ዘመን አላየሁም። የሰው ቆርቆሮ፣ የሰው ባልዲ፣ አንድ ሙሉ የዶሮ ቤት በደጃፋችን አለፈ። ዓርብ ጠዋት ሲያባራ ዱላዬን ይዤ ወጣሁ። ማንም አላከኝም። ጫካው እንዴት አደረ ብዬ ነው፤ ሰው ዘመዱን እንደሚጠይቅ።

ግማሽ መንገድ ላይ እፎይ የምንለው ድንጋይ አለ። ቁመቱ ወገብ ድረስ የሆነ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ሸክም ያዘለች ሴት መቀመጥ አትችልም፤ ከተቀመጠች የሚያነሳት ሰው ትፈልጋለች። እፎይ ላይ ግን ቆማ ሳለች፣ ገመዷን ሳትፈታ ሸክሟን ከኋላ ታሳርፍበታለች። ከድንጋዩ ቀጥሎ መንገዱ ገደሉን ታክኮ አሥር እርምጃ ያህል ይሄድና ወደ ፏፏቴው ይታጠፋል።

እዚያ አሥር እርምጃ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከላይ ሲያዩት ምንም አልሆነም። ሣር የለበሰ ደህና መንገድ ነው። ጎንበስ ብዬ ከጎን ሳየው ግን ሥሩን ጎርፉ በልቶታል፤ መንገዱ እንደ ቤት ክፈፍ አየር ላይ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ከታቹ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ደፍርሶ የሚሮጥ ጅረት። በዱላዬ መታ መታ አደረግኩት። ሙሉ መሬት ሲመቱት ጥ ይላል። ይህ ዱም አለ።

የመጀመሪያው ንዴቴ እዚያ ጀመረ። ይህ መንገድ እንዲህ የሚበላ መንገድ አልነበረም። እኛ ሸክም ተሸካሚዎቹ ሰኔ ሲገባ ባዶ ጀርባችንን ወደ ላይ ስንወጣ በየሃያው እርምጃ ቦይ እንቀድድ ነበር። መንገዱን በሰያፍ የሚቆርጥ ጠባብ ቦይ፤ ውሃው መንገዱ ላይ ከመሮጡ በፊት ወደ ጫካው የሚያስወጣው። ማንም አላዘዘንም፣ ማንም አላመሰገነንም። መንገዱ ከሄደ እንጀራችን ሄደ። በኋላ እኛን እንጨት አትንኩ አሉን፣ ይሁን፣ ዛፍ ይትረፍ። ከዚያ መጥተው መንገዱን አስተካከሉት። ማን እንደሆነ አላውቅም፣ እኔን የጠየቀኝ የለም። ጠጠር አለበሱት፣ የእንግዳ እግር እንዳያደናቅፍ ብለው ቦዮቹን ሁሉ ደፈኗቸው። በቃ። ውሃው ማን ይዞት? ቁልቁል እየጋለበ መጥቶ እፎይ ሥር መንገዱን በላው።

ለማንኛውም፣ የሚደረገውን አደረግኩ። ንፋስ የጣለው ባሕር ዛፍ ነበረና ቅጠሉ ያልረገፈ ሦስት ቅርንጫፍ መርጬ መንገዱ ላይ አጋደምኩ። ጫፋቸውን ወደ መጣሁበት አዙሬ፣ በላያቸው ድንጋይ ጫንኩ። ይህ የተሸካሚ ሴቶች ምልክት ነው። አንድ ቅርንጫፍ መንገድ ላይ ብታይ ንፋስ ነው። ሁለት ብታይ አጋጣሚ ነው። ሦስት ከሆነና ድንጋይ ከተጫነው ግን ሰው ነው። ቅጠሉ የዞረበት መሄጃሽ ነው፤ ወደ መጣሽበት ከዞረ ተመለሺ ማለት ነው። ማታ የሚዋሹ ባሎች የነበሯቸው ሴቶች ነበርን፤ እርስ በርሳችን ግን በቅርንጫፍ ተዋሽተን አናውቅም።

ቤት ገብቼ ለልጅ ልጄ ነገርኳት። «እፎይ ጋ የመንገዱ ሥር ባዶ ሆኗል፤ ሰው አታሳልፊበት። ምልክት አድርጌያለሁ፣ ስትደርሱ ታዩታላችሁ።»

«እሺ እቴቴ፣ ነገ ሰው ልኬ አስፈትሻለሁ» አለችኝ። በስልኳ ለሰላሳው ሰው ምን ዓይነት ጫማ እንደሚያደርግ እየጻፈችለት ነበር።

ቅዳሜ ባለጺሙ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሄደ። ማታ በስልክ ላከላት፤ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፦ «መንገዱ ክሊር ነው። ፏፏቴው ጉድ ነው!» ፎቶም ነበረው። ስልኩን ወደ ዓይኔ አቀረበችው፤ ለኔ ግን እጁን የዘረጋ ጉንዳን ነው የመሰለኝ።

«ምልክቴንስ አይተውታል?»

ጻፈችለት። መለሰ። «ምንም ምልክት አላየንም ይላል እቴቴ።»

እንግዲህ በሌላ መንገድ ሄደው ይሆናል አልኩ። ግን በየት በኩል? ከታች የሚያስወጣ ሌላ መንገድ የለም። እሁድ ጠዋት መጽሐፍ ቅዱሴን ይዤ ቸርች መሄድ ሲገባኝ ዱላዬን ይዤ ከልጅ ልጄ ኋላ ወጣሁ።

«እቴቴ፣ ወዴት?»

«ሃይኪንግ።»

ፊቷን ብታዩት። እኔን ማሳፈር አትፈልግም፣ በኔ ማፈርም አትፈልግም። መንገዷን ቀጠለች።

ሰዎቹ የተሰበሰቡት ጫካው በር ላይ ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ የዝናብ ልብስ፤ በሁለት እጅ የሚያዝ የብረት ምርኩዝ፤ ጀርባቸው ላይ ቦርሳ፣ ቦርሳው ላይ ጠርሙስ። እኔ ነጠላዬን በላስቲክ ሸፍኜ፣ ኮንጎ ጫማዬን አድርጌ። አንዷ ቆንጆ ልጅ እግሬን አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ውይ ኮንጎ! እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳ?»

«እኔን ነው ጫማዬን?»

«ሁለታችሁንም!»

ተሳሳቅን። ገና አልተቆጣሁም ነበር እኮ። ባለጺሙም መጥቶ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። «እማማ፣ እርስዎ ጀግና ነዎት! ሲደክምዎት ይንገሩኝ፣ አዝልዎታለሁ።»

«አንተ ስትደክም ንገረኝ» አልኩት። ስንት ክምር እንጨት ተሸክሜ ባለፍኩበት።

የልጅ ልጄ ከፊት ናት። እንዴት እንዳማረባት! ትቆማለች፣ ትቆጥራለች፣ «ሰላሳ አንድ፣ ከእቴቴ ጋር» ትላለች፣ ትቀጥላለች። ዝናቡ ካፊያ ነበር። መንገዱ በጎርፍ ከመሸርሸሩ የተነሳ የዛፍ ሥር እንደ ደም ሥር ወጥቶ ይታያል፣ የጠጠሩ ልብስ ተገፎ ታች ጫካው ውስጥ ተከምሯል። ሰዎቹ በየቦረቦሩ ላይ ሲዘሉ ይጮሃሉ፣ ይስቃሉ። እኔ እየቆጠርኩ ነው፤ እዚህ ጋ ቦይ ነበረ፣ እዚህ ጋ ቦይ ነበረ።

እፎይ ደረስን። ቅርንጫፎቹ የሉም።

መጀመሪያ ዓይኔን ጠረጠርኩ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ድንጋዬ ዳር ላይ ተንከባሎ ተቀምጧል። ሦስቱም ቅርንጫፎች ገደሉ አፍ ላይ ቁጥቋጦ ይዟቸው ተንጠልጥለዋል፣ ቅጠላቸው ገና አረንጓዴ ነው።

«ቅርንጫፎቼን ማን ነካ?»

ባለጺሙ ዞሮ አየኝ። «የቱን ቅርንጫፍ እማማ?»

«እዚህ የነበረውን። ሦስት። ድንጋይ የተጫነበት።»

ፊቱ በራ። «እ... እሱማ እኔ ነኝ ያነሳሁት! ጎርፍ ያመጣው መስሎኝ... ማለቴ፣ የኛ ግሩፕ ያለፈበትን ጫካ አጽድቶ ነው የሚያልፈው። ትናንት ሁለት ፌስታል ሙሉ ቆሻሻ ነው ያወረድነው።»

«ጎርፍ ነው ቅርንጫፍ ደርድሮ፣ ጫፉን አስተካክሎ፣ ድንጋይ የሚጭንበት?»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። እሱም ሳቀ። «ይቅርታ እማማ። ግን ምልክት ከሆነ እኮ ቀይ ጨርቅ ቢያስሩበት፣ ወይ ወረቀት ላይ ቢጽፉበት ሰው ይረዳዋል።»

እዚህ ላይ ነው የተቆጣሁት። ጆሮዬ ጋለ። ዱላዬን መሬት ላይ ሳወርደው የሰማሁት ድምፅ የኔ አልመሰለኝም።

«አንተ ልጅ! ማንበብ አልቻልክም ብዬ አልፈርድብህም፤ እኔም እስከ አምሳ ዓመቴ ማንበብ አልችልም ነበር። ግን ማንበብ ያልቻልኩትን የሰው ወረቀት ቀድጄ ጥዬ አላውቅም!»

ሳቁ ቆመ። የልጅ ልጄ ወደኛ ተመለሰች። እሱም ፊቱ ቀላ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ሰላሳ ሰው ፊት ነው። «እማማ፣ እኛ እኮ ትናንት አልፈንበታል። ምንም አልሆነም።»

«ወጥታችሁበታል። ወርዳችሁበታል?»

ጓደኛውን አየው። ጓደኛው መሬት አየ። «በላይ በኩል አስፋልት ወጥተን በታክሲ ነው የወረድነው» አለ ጓደኛው።

«ይኸው!» አልኩ። መንገድ የሚፈተነው ሲወርዱት ነው። የሚወጣ ሰው በጣቱ ይረግጣል፣ ክብደቱን ለተራራው ይሰጣል። የሚወርድ ሰው በተረከዙ ይመታል፣ ክብደቱን ለገደሉ ይሰጣል። ይህን ሸክም ያዘለች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። የነዚህ መኪና ደግሞ ታች ነው የቆመው፤ ሰላሳው ሰው ፏፏቴውን አይቶ፣ ደክሞ፣ ዝናብ መትቶት፣ ተከታትሎ በዚያው ነው የሚመለሰው።

በዱላዬ አሥር እርምጃውን መታሁት። «ስሙ!» ነገር ግን ጅረቱ ይጮሃል፣ ዝናቡ በዝናብ ልብሳቸው ላይ ይንጣጣል። ዱም ማለቱን የሰማ የለም። እኔም በእጄ ተሰማኝ እንጂ በጆሮዬ አልሰማሁትም።

የልጅ ልጄ አጠገቤ መጣች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እቴቴ፣ እርግጠኛ ነሽ? ይወድቃል?» አለችኝ።

አዎ ይወድቃል ብላት ነገሩ አልቆ ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን በቅርንጫፍ ያልዋሸሁ በአፌ ልዋሽ?

«ይወድቃል አላልኩም። ባዶ ነው ነው ያልኩት።»

«አያችሁ!» አለ ባለጺሙ።

ከዚያ ያደረግኩትን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ግን አልጸጸትበትም። እፎይና ገደሉ መካከል ባለችው ጠባብ ላይ ቆምኩ፣ ዱላዬን በሁለት እጄ አግድሜ ያዝኩ። «መሄድ የሚፈልግ እኔን ገፍቶ ይሂድ» አልኩ።

ከኋላ አንድ ወንድ «እንዴ፣ በአንዲት አሮጊት ቃል ፏፏቴውን ሳናይ?» ሲል ሰማሁ። ፏፏቴው ደግሞ እዚያው ከመታጠፊያው ጀርባ ነው፣ ጩኸቱ ደረት ያንቀጠቅጣል።

የልጅ ልጄ ስልኳን አየች። ሰዎቹን አየች። እኔን አላየችኝም።

«እንመለሳለን» አለች።

«ኧረ ተይ ባክሽ!» አለ ባለጺሙ። «መቶ ሜትር ቀርቶን?»

«የዛሬ መሪ ማን ነው?»

«አንቺ፣ ግን...»

«እንመለሳለን አልኩ።» ድምጿ ቀጭን ነበር፤ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ።

ቁልቁል ስንወርድ የሳቀ የለም። ቆንጆዋ ልጅ ብቻ እጄን ይዛኝ ወረደች፤ እሷም ስለ ጫማዬ ሁለተኛ አላነሳችም። ሰዎቹ ተበትነው ኮብልስቶኑ ላይ ሁለታችን ስንቀር የልጅ ልጄ ቆመችና «አሳፈርሽኝ» አለችኝ። «መጀመሪያዬ ነበር እቴቴ። መጀመሪያዬ።» ከዚያ ያንን ትልቅ ቡቷን እየጎተተች ቀደመችኝ።

ሰኞ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። እሷ ሥራ አለኝ ብላ ወጣች፤ ስልኳን ቻርጅ ላይ ረስታው ሄደች። ማንሳት አልነበረብኝም። ግን ብርት ሲል የኔን ነጠላ አየሁ። ዱላዬን አግድሜ እንደቆምኩ ማን እንዳነሳኝ እንጃ፤ ሥሩ ላይ «መንገድ ዘጊዋ እማማ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ ሌላው «ቀረጥ ትሰበስባለች እንዴ?» ሌላዋ «ፏፏቴው ግን በሰላም ውሏል?» ፊደሉን ያስቆጠረችኝ ልጅ ለዚህ ነው ያስቆጠረችኝ? እያንዳንዷን እየነጠልኩ አነበብኳት። እሷ ለማንም አልመለሰችም። አንድም ቃል።

ማክሰኞ ጠዋት ቤት ከሚሠራው ጎረቤታችን ዲጂኖ ለመንኩ፤ ያንን ረጅም የድንጋይ መፈንቀያ ብረት። የድሮ የሸክም ገመዴን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ደጃፍ ሳልወጣ የልጅ ልጄ ያዘችኝ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ላፈርሰው።»

ዲጂኖውን ከእጄ ቀምታ ትከሻዋ ላይ ጫነችው። እፎይ ድረስ ተሸክማው ወጣች።

አሥሩ እርምጃ እንደነበረ አለ። የእሁዱ ካፊያ፣ የሰኞው ዶፍ ምንም አላደረገውም። ሣሩ ላይ የቢጫ አበባ እንቡጥ ሳይቀር ወጥቶበታል።

«አለ እኮ እቴቴ» አለች። ደስ ብሏት አይደለም፤ ያዘነች ነው የምትመስለው። «አልወደቀም።»

በሰው የጀመርኩት ንዴት መሬት ላይ ደረሰ። ምናለ ሰኞ ብትወድቅ? ምን ትጠብቃለህ? አልኩት መሬቱን። ከዚያ እፎይ ላይ ጀርባዬን አሳረፍኩና ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ነገርኳት።

ወጣት ሳለሁ አንድ ክረምት ልክ እዚህ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ሸክም አዝዬ ስወርድ ከእግሬ በታች መሬቱ ዱም አለ። አለፍኩት። ተመልሼ ቅርንጫፍ ማጋደም ነበረብኝ። ነገር ግን ሸክም ያዘለች ሴት ጎንበስ ማለት አትችልም፤ ማውረድ አለብኝ፣ ካወረድኩ ደግሞ የሚያነሳኝ ያስፈልገኛል። ዝናብ ይመታኛል፣ ቤት ሕፃን ትቼ መጥቻለሁ፣ ጡቴ ሞልቶ ያመኛል። ለዚህ ጊዜ ሕጋችን መጮህ ነው፤ «ባዶ ነው!» ብሎ ወደ ላይ መጮህ። አልጮህኩም። ኋላዬ ያለችው ጓደኛዬ ሩቅ ናት፣ አትሰማኝም ብዬ ራሴን አታለልኩ። እኔን ያሳለፈው መሬት እሷን ጣላት። ዳሌዋ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ገመድ ጀርባዋ ላይ አርፎ አያውቅም። ሸጎሌ ልጇ ቤት ናት፤ በዱላ ነው የምትሄደው። በየወሩ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ። «አንቺስ እንዴት አለፍሽው?» ብላ ጠይቃኝ ታውቃለች። «እንጃ፣ እግዚአብሔር ነው» አልኳት። እግዚአብሔርን አስገባሁበት።

የልጅ ልጄ ተነሳች፣ የገመዱን አንድ ጫፍ ከእፎይ አጠገብ ባለ ጽድ ዛፍ ላይ፣ ሌላውን ወገቧ ላይ አሰረች። «አንቺ ገመዱን ያዢ፣ እኔ እመታለሁ» አለች።

ከእፎይ ሥር፣ ከሙሉው መሬት ላይ ቆማ በዲጂኖው ወጋችው። አንዴ። አምስቴ። አሥራ አምስቴ። ከጭቃ በቀር የተነሳ የለም። ላብና ዝናብ ተቀላቅሎባት ዞራ አየችኝና ሳቀች፣ ከእሁድ ወዲህ መጀመሪያዋ ነው። «እቴቴ፣ ይኼ መንገድ ካንቺ ይብሳል! ግትር ነው!»

«ወደ ተራራው ጠጋ አድርጊው» አልኳት፣ እየተናደድኩ።

ጠጋ አደረገችው። ዲጂኖው እስከ ግማሹ ገባ፣ ከውስጥ የያዘው ነገር አልነበረም። ስትወዘውዘው በሣሩ መካከል እንደ ክር ቀጭን ስንጥቅ ሄደ። ከዚያ አሥሩም እርምጃ፣ ከነሣሩ ከነአበባው፣ አንድ ላይ፣ ቀስ ብሎ ዘንበል አለና ሄደ። ገመዱ እጄን ፈጀኝ። እሷ ግን አንድ እርምጃ አልተነቃነቀችም።

ከታች ሲያርፍ የተሰማውን ድምፅ ተዉት። ከዚያ በኋላ የመጣው ነው ያስደነገጠኝ፤ የጅረቱ ጩኸት እጥፍ ሆነ፣ በር የተከፈተ ይመስል። ለካ መንገዱ ክዳን ሆኖ ይዞት ነበር።

የልጅ ልጄ ጭቃ በጭቃ በሆነ እጇ ስልኳን አውጥታ ያንን የቅዳሜ ፎቶ ከፈተች። ባለጺሙ እጁን ዘርግቶ የቆመበትን ቦታ አየች፣ ከዚያ ፊት ለፊቷ ያለውን አየር አየች። ስልኩን ዘጋችው።

«ሰላሳው ሰው ቢያልፍበት ይወድቅ ነበር?»

«አላውቅም። አንዱን ያሳልፋል፣ አንዱን ይጥላል። ሥራው ያ ነው።»

ቅርንጫፍ ልትሰብር ሄደች። ሦስት ይዛ መጣች፣ አጋደመች፣ ድንጋይ ጫነች። ቅጠሉን ወደ ገደሉ አዙራው ነበር።

«ወደ ገደሉ ሂዱ ነው ያልሽው» አልኳት። አዞረችው። ጣቷን በእርሳስ ጠቅ ማድረግ አምሮኝ ነበር። ፊደሏን ስታስተምረኝ የኔን ለምን እንዳላስተማርኳት እንጃ። ድህነቱን የማወርሳት መስሎኝ ይሆናል።

ስንወርድ ከኋላዬ ሆና «ለጓደኛሽስ ነግረሻታል?» አለችኝ። እርምጃዬን አፈጠንኩ።

በቀጣዩ እሁድ ጉዞውን ደግማ ጠራች። «ፏፏቴ የለም፤ ዶማ ያለው ዶማ ይዞ ይምጣ፣ ቦይ እንቀድዳለን» ብላ ጻፈች። አሥራ አንድ ሰው መጣ። ቆንጆዋ ልጅ መጣች፤ ኮንጎ ጫማ ገዝታ። ባለጺሙም መጣ፣ ቁመቱን አጥፎ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የፈረሰውን አይቼዋለሁ» አለኝ። ጌታ ይባርክህ አልኩት። ዶማ አንስቶም ከሁሉም በላይ ሠራ፣ ላቡ ጺሙ ላይ እስኪንጠባጠብ። ዞር ብዬ ሳየው ቦዩን ቁልቁል፣ ልክ መንገዱ መካከል ቀጥ አድርጎ ቀዶታል! ውሃውን ራሱ መንገዱ ላይ ሊለቀው! ዳግመኛ ተቆጣሁ። ደፍኖ በሰያፍ እስኪቀድደው ድረስ ከራሱ ላይ አልወረድኩም።

ጓደኛዬ ግን ምንም አላወቀችም። ፊደል አልቆጠረችም፣ ስለዚህ ይህን ብሰጣት አታነበውም። የጻፍኩትም ፊቷ ቁጭ ብዬ በቃሌ ብጀምር መሐል ላይ እግዚአብሔርን ዳግመኛ እንዳላስገባበት ነው። ነገ ዝናቡ ጋብ ካለ ሸጎሌ ሄጄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነብላታለሁ። ከዚያ በኋላ የመቆጣት ተራው የሷ ነው።